ባልዲው ላይ የጎነበስንባቸው ጠዋቶች

በኮሮና ጊዜ እኛ ክፍል ውስጥ «እንዴት አደርሽ» መባባል ቀርቶ ነበር። ጠዋት ስንገናኝ «ሸተተሽ?» ነው የምንባባለው። መልሱም አንድ ብቻ ነው፤ «ሸተተኝ»። ይህን ያለ ሰው ማስኩን አጥብቆ፣ ጋውኑን ለብሶ ወደ ሕሙማኑ ይገባል። ሌላ መልስ የተሰጠው አንድ ቀን ብቻ ነው። የሰጠሁትም እኔ ነኝ።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላስረዳ። ሃያ ሁለት አካባቢ ባለ አንድ የግል ሆስፒታል የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። በሽታው ሲመጣ አንዱ ፎቅ ለኮሮና ሕሙማን ተለየና እዚያ የምንሠራው ጥቂት ሰዎች ከሌላው ሠራተኛ ተነጠልን። መግቢያችን ለብቻ፣ ምሳችን ለብቻ፣ ልብስ መቀየሪያችን ለብቻ። ሌላ ፎቅ ያሉት ጓደኞቻችን ከሩቅ እጃቸውን እያወዛወዙ ሰላም ይሉናል፤ ባቡር ላይ ተሳፍረን የምንሄድ ይመስል።

ያኔ ምርመራ እንደልብ አልነበረም። ውጤት ቀናት ይፈጃል፤ የሚመረመረውም ምልክት ያሳየ ሰው ነው። በር ላይ ግንባራችን ላይ የሚደገነው ሙቀት መለኪያ ደግሞ ፀሐይ ላይ ቆሞ የመጣውን ሁሉ ትኩሳታም ያደርገዋል። ታዲያ ከሁላችንም ቀልደኛው፣ ገና ከኮሌጅ የወጣ ወንድ ነርስ፣ አንድ ጠዋት የወለል መወልወያው ባልዲ ላይ ጎንበስ ብሎ በረኪናውን በረጅሙ ሳበና «ሸተተኝ፤ እግዜር ይመስገን፣ ዛሬም አልሞትኩም» አለ። አፍንጫ ማሽተት ካቆመ በሽታው ገብቷል እየተባለ የሚወራበት ጊዜ ነው። ሳቅን። በማግስቱ ግን ሁላችንም ተራ በተራ ጎነበስን። ከዚያ በኋላ ሳይጎነብስ የገባ ሰው አላየሁም፤ ኃላፊያችን ሲስተር እንኳ፣ ፀጉራቸው የሸበተው፣ ቁጥብ ሴትዮ፣ መነጽራቸውን በአንድ እጅ ይዘው ባልዲው ላይ ይጎነበሱ ነበር። «ይቺ ሙቀት መለኪያ ትዋሻለች፤ በረኪና ግን አይዋሽም» ይል ነበር ያ ልጅ።

እኔ ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። ማንበብን ያዳበርኩት የሱቅ ዕቃ በተጠቀለለበት ጋዜጣ ነው፤ ጋዜጣው ተቀዶ ታሪኩ መሐል ላይ ሲቋረጥ መጨረሻውን ከራሴ እየጨመርኩ ለጎረቤት ልጆች አወራላቸዋለሁ። ማንበቤ ለክፉ የሆነብኝ በዚያ ዘመን ብቻ ነው። ኮሪደሩ ላይ የተለጠፈውን የምልክቶች ማስታወቂያ እየወለወልኩ አነበዋለሁ። ራስ ምታት ሲል ራሴን ይወቅረኛል። የጉሮሮ መከርከር ሲል ጉሮሮዬ ይከረክራል። ድካም ይላል፤ ቀኑን ሙሉ ወለል የጠረገ ሰው ምን ሊሆን ኖሯል? ማስታወቂያውን አንብቤ ስጨርስ በወረቀቱ ላይ ካለው ሁሉ አንድም አይቀረኝም።

ይህ እኔን ብቻ የያዘኝ መስሎኝ ነበር። ኋላ እንደሰማሁት ሲስተር ቤታቸው ደረጃ ወጥተው ሲደርሱ ትንፋሻቸውን በሰዓት ይለኩ ነበር። ቀልደኛው ልጅ የኦክሲጅን መለኪያዋን ኪሱ ውስጥ ይዞ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ጣቱን ይከትባታል። ሕመም የሚያውቅ ሰው ሕመም አይፈራም የሚመስለው ካለ እኛን አላየም። ሰው አየር አጥቶ ሲንፈራገጥ አይተን ነው የምንወጣው፤ ማታ ቤታችን ገብተን ትንሽ ሲደክመን የምናስበው የራሳችንን አልጋ ነው።

እኔን ግን የራሴ መሞት አልነበረም ያስፈራኝ። ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው። እናቴ ስኳር አለባት። ስኳሩ ዓይኗን አድክሞታል፤ የሰው ፊት እንደ ጥላ ነው የሚታያት። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊኗን የምወጋት እኔ ነኝ። ኮሮና ከገባባት እንደማትተርፍ የሚነግረኝ ሰው አያስፈልገኝም፤ እንደ እሷ ያሉትን አልጋቸውን ያነጠፍኩ፣ ኋላም ያነሳሁ ነኝ። በሌላ በኩል ደግሞ እኔ ተይዤ ለይቶ ማቆያ ብገባ የሚወጋት የለም። ይዤባት ብገባ እገድላታለሁ፤ ጥያት ብሄድም እገድላታለሁ። ከዚህ በላይ የማስበው ነገር አልነበረኝም።

እናቴ የምትለየኝ በጠረኔ ነው። ታጥቤ፣ ልብስ ቀይሬ ብመጣም በረኪናው ከእጄ አይለቅም። ገና በሩን ስከፍት «መጣሽ፣ በረኪናዬ?» ትለኛለች። አፍንጫዋን ሸፈን አድርጋ ትስቅብኛለች። ባል ያላገባሁት በሱ ምክንያት እንደሆነ ነው የምትናገረው።

አሁን ስለ ታክሲ ጓደኛዬ ልንገራችሁ፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እሷ ናትና። እሷም የጽዳት ሠራተኛ ናት፤ እሷም ሰሚት ነው የምትኖረው፣ ከሁለት ልጆቿ ጋር። ማለዳ አብረን ነው ሚኒባስ የምንጠብቀው። ክፍላችን ውስጥ ከሁላችን ቀድማ ገብታ በረኪናውን በውሃ በጥብጣ ባልዲዎቹን የምታዘጋጀው እሷ ነበረች። ድሮም በረኪና ጉሮሮዋን ይቧጥጣታል። ከበጠበጠች በኋላ ግማሽ ቀን ታስላለች፤ ለዓመታት ስትስል ነው የማውቃት። ከኮሮና በፊት «ይቺ ሴት ሳሏን ይዛ ነው የተቀጠረችው» እንላት ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ ስንመለስ መገናኛ ላይ ሚኒባስ ያዝን። ወንበሩ ግማሹ ብቻ ነው የሚሞላው፤ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቷል፤ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ከማስኩ በላይ ዓይኑን ያንከራትታል። ጉርድ ሾላ ሳንደርስ ሳሏ መጣ። አፈነችው። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ በመጨረሻ አመለጣት። አንዴ ብቻ። ከፊታችን የተቀመጠች ዘመናዊ ልጅ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ወደ መስኮቱ ተለጠፈች። ከኋላ አንድ ሰውዬ ረጋ ባለ ድምፅ «ወራጅ አለ» አለ።

ወያላው ማን እንደሆነ ጠየቀ።

«እሷ ናት» አለ ሰውዬው።

ሹፌሩ ዳር ያዘ፤ ወያላው በሩን ከፍቶ ቆመ። ማንም አልሰደበንም፤ ማንም አልጮኸም። ሁሉም ዝም ብሎ እስክትወርድ ጠበቀ። የኔ ጓደኛ እየወረደች ይቅርታ ትጠይቃለች፤ ሰውዬውንም፣ ልጅቷንም፣ ወያላውንም። ተከትያት ወረድኩ። መንገዱን በእግራችን ሄድነው። ሰሚት ስንደርስ ቆም ብላ «የሆስፒታል መታወቂያዬን አንገቴ ላይ ቢያዩት ኖሮ ምን ያደርጉኝ ነበር?» አለችኝ። ከጃኬቷ በታች ነበር የደበቀችው።

ከዚያ ቀን በኋላ ስትስል ሰምቻት አላውቅም። እኔ ሞኟ ደግሞ ዳነች ብዬ ደስ አለኝ።

ጊዜ አለፈ። ክረምቱ እየከበደ፣ አልጋዎቻችን እየሞሉ መጡ። አንድ ጠዋት ባልዲው ላይ ጎንበስ ብል ሽታው ደከመብኝ። ጉንፋን ይሆናል አልኩ። በማግስቱ ይበልጥ ራቀ፤ ግድግዳ ተሻግሮ እንደሚመጣ የጎረቤት ወጥ ሆነብኝ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጎንበስ አልኩና ምንም የለም። ውሃ ነው የሚሸተኝ። ጓደኛዬ ባልዲውን ይዛ ከፊቴ ቆማለች፤ ከኋላዬ ቀልደኛው ልጅ ተራውን ይጠብቃል።

«ሸተተሽ?» አለችኝ።

«ሸተተኝ» አልኳት።

ልጁም ጎነበሰ። ከወትሮው ቶሎ ቀና አለ። «ሸተተኝ፣ እንዲያውም አቃጠለኝ» አለ። ሲስተርም ጎነበሱ፤ ሸተተኝ አሉ። ሁሉም ይሸታቸዋል፤ የማይሸተኝ እኔ ብቻ ነኝ።

ቤቴ ገብቼ አፍንጫዬን ሞከርኩት። ሽንኩርት ከትፌ አሸተትኩ። በረንዳው ላይ በቆርቆሮ ከተተከለው ጤና አዳም ቀንጥሼ አፍንጫዬ ውስጥ ልከተው ምንም አልቀረኝም። የሚሸተኝ ይመስላል፤ ግን ሽታውን ነው የማሸተው ወይስ ትዝታውን? ሽንኩርትን ስንት ዓመት ስከትፍ ኖሬያለሁ፤ ሳላሸተውም ሽታውን አውቀዋለሁ። ደጋግሜ ባሸተትኩ ቁጥር እየጠፋብኝ ሄደ። ያን የመሰለ የሚያንቅ በረኪና ያልሸተተው አፍንጫ ሽንኩርቱን ከየት አምጥቶ ነው የሚያሸተው? እያለቀ ያለው ርዝራዥ ነው፣ ነገ እሱም ይሄዳል አልኩ።

ሆስፒታሉ ቤታቸው መግባት ለፈሩ ሠራተኞች አትላስ አካባቢ አንድ እንግዳ ማረፊያ ተከራይቶ ነበር። ዕቃዬን ይዤ እዚያ ገባሁ። በሌላ ጊዜ ቢሆን አትላስ በሙዚቃ አያስተኛም፤ ያኔ ግን ከመስኮቴ የሚሰማኝ የዝናቡ ድምፅ ብቻ ነበር። ለእናቴ ለጥንቃቄ ሁላችንም ውጭ እንድናድር ታዘናል አልኳት። መርፌውን ለጎረቤታችን አደራ ሰጠሁ፤ ከታች ሱቅ ያላት፣ ስልጤ የሆነች፣ እጇ የማይንቀጠቀጥ ሴት ናት። በር ላይ ቆሜ ከሩቅ አሳየኋት፤ እስከየት እንደሚሞላ፣ የት እንደሚወጋ። «እኔ ምኔ ሞኝ ነው፤ ለእናቴስ ወግቼ የለም እንዴ» አለችኝ። ገላገለችኝ።

ከሥራ ስወጣ ምግብ በፌስታል ይዤ ሰሚት እሄዳለሁ። በሩ አጠገብ አስቀምጬ ደረጃው ላይ እቀመጣለሁ። እናቴ በሩን ገርበብ አድርጋ በርጩማዋ ላይ ትቀመጣለች። እንዲህ ሆነን እናወራለን።

«እማዬ፣ ተወጋሽ?» እላታለሁ።

«ተወጋሁ» ትለኛለች።

ታዲያ አንድ ማታ፣ ተወጋሁ ካለችኝ በኋላ አንገቷን ወደ እኔ ሰገግ አደረገች፤ ደጋግማ አየር ሳበች።

«ዛሬ ሥራ አልገባሽም?» አለችኝ።

«ገብቼ ነው የመጣሁት።»

«ታዲያ በረኪናሽስ? ምንም አትሸቺኝም እኮ። ትናንትም አልሸተትሽኝም።»

እግዚአብሔር ያሳያችሁ፤ እዚያ ደረጃ ላይ ምን እንደሆንኩ አሁንም ድረስ በትክክል መናገር አልችልም። የእኔ አፍንጫ ሄዷል፤ አሁን ደግሞ የእሷ ሄደ። አስይዣታለሁ። ማታ ማታ እግሯን ሳጥባት፣ ሆዷን ገልጬ ስወጋት፣ ፊቴን አስጠግቼ ሳወራት የሰጠኋት ነገር ይኸው። ሌላ ነገርስ ይሸትሻል ወይ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። መልሱን ፈራሁት። ነገ እመጣለሁ ብዬ ደረጃውን ወረድኩ፤ አወራረዴንም አላውቀው፤ ከታች የቆመው ዘበኛ ምን ሆነሻል ብሎ ተከተለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ልብስ መቀየሪያው በር ላይ ጓደኛዬ ባልዲዋን ይዛ ቆማለች። ሁሉም ተሰልፏል። ሸተተሽ አለችኝ።

«አይሸተኝም» አልኩ።

ሲስተር ከፊት ጎንበስ ብለው ጋውን ሲያስሩ ነበር፤ ቀና አሉ።

«ካልሸተተኝ ሰንብቷል፤ እናቴም አይሸታትም። እኔን የፈለጋችሁበት ውሰዱኝ፤ እሷን መርምሩልኝ። ስኳር አለባት፤ ቤት ውስጥ ብቻዋን ናት።»

የሚጠብቀኝን አውቄዋለሁ። ከእኔ ይሸሻሉ፣ በሩ ይዘጋል፣ ስልክ ይደወላል። የሆነው ግን ሌላ ነው። ቀልደኛው ልጅ እንደ መሳቅ አለ፤ ሳቁ አልወጣለትም። አግዳሚው ላይ ተቀመጠና «እኔም» አለ። ከሱ ቀጥላ የቆመችው ነርስ ግድግዳውን ተደግፋ እያለቀሰች እሷም እንደማይሸታት፣ ልጇን ካቀፈቻት ብዙ ቀን እንደሆናት ተናገረች። አንዱ ከአንዱ አፍ እየተቀበለ፣ አንድም ሳይቀር። በመጨረሻ ሁላችንም ሲስተርን አየን። መነጽራቸውን አወለቁ።

«እኔም» አሉ።

በሩ ማዶ ኦክሲጅን ላይ ያሉ ሰዎች ይጠብቁናል። እነሱን የምንይዝ ሰዎች በሙሉ ተይዘናል ማለት ነው። የሚተካን ሰው የለም። እርስ በርስ ስንተያይ ከማስኩ በላይ የሚታየኝ ዓይን ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር፤ የሞተ ሰው ቤት ገብቶ ሟቹ ራሱ እንደሆነ የተነገረው ሰው ዓይን።

ከሁላችን ቀድመው የነቁት ሲስተር ናቸው። ሁሉም ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ አፍንጫው እንዴት ይጠፋል አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ሄደው ያልተከፈተ የበረኪና ጠርሙስ ይዘው መጡ። ክዳኑን ጠምዝዘው ከፈቱና ማስኬን አስወርደው ከአፍንጫዬ ሥር አስጠጉልኝ።

ናላዬ ድረስ ነው የገባው። ዓይኔ በእንባ ተሞላ፤ ትን አለኝ፤ ወደ ኋላ ተንገዳገድኩ። ያን ሽታ በሕይወቴ እንደዚያ ወድጄው አላውቅም። ልጁ ጠርሙሱን ከእጃቸው ነጠቀ፤ አሸተተና ልክ እንደ መስቀል ሳመው። እየተቀባበልን አሸተትን፤ ርቀት የለ፣ ጥንቃቄ የለ፣ አንዱ ያነሳውን ጠርሙስ አንዱ እያጋደመ። ሳቅና ልቅሶ ተደባለቀ። አፍንጫችን ደኅና ነው። ሁላችንም ደኅና ነን። እናቴ ደኅና ናት፤ እናቴን በረኪና ያልሸተትኳት እጄ ላይ በረኪና ስላልነበረ ነው።

ይህን ሐሳብ እስከ መጨረሻው ሳስበው ሳቄ አፌ ላይ ቀረ። ሌሎቹም እንደዚያው ሆኑ መሰለኝ። ሁሉም ዞሮ ባልዲውን አየ።

ሲስተር ጓንት ያጠለቀ ጣታቸውን ነክረው አወጡ። «ይኼ ምንድን ነው?» አሏት ጓደኛዬን።

«ውሃ ነው፣ ሲስተር። ትንሽ በረኪና አለበት።»

«ለምን?»

ባልዲውን አልለቀቀችውም። ማንጠልጠያውን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። «ያስለኛል» አለች።

ከዚያ ቀስ ብላ ነገረችን። ከሚኒባስ ካስወረዷት ቀን ጀምሮ ሳል የመጣባት እንደሆነ ልቧ ሊቆም ይደርሳል። እዚህ ስትስል ሰው ዞር ብሎ የሚያያት ይመስላታል። ሳለች ተብላ ለይቶ ማቆያ ብትወሰድ ልጆቿን የሚያይላት የለም። ስለዚህ በረኪናውን ጥቂት ቀነስ አደረገች፤ ጉሮሮዋ አረፈ። በማግስቱ እንደገና ቀነሰች። ይበቃ ይሆን ብላ ትጨነቃለች፤ ጠዋት ባልዲውን ይዛ በር ላይ ቆማ የእያንዳንዳችንን ፊት ታያለች። እኛ ደግሞ ጎንበስ እያልን ሸተተኝ እንላለን።

«ሁላችሁም ይሸታችኋል ብዬ ነው የቀነስኩት» አለች። «ባይሸታችሁ ትነግሩኝ የለም እንዴ?»

እሷ የእኛን ቃል አምና ቀነሰች፤ እኛ የእሷን ባልዲ አምነን ታመምን። በዚያ ሁሉ ቀን የበሩን እጀታ፣ የአልጋውን ብረት፣ ሕሙማኑ የሚስሉበትን ጠረጴዛ፣ እኛ እጃችንን የምናሳርፍበትን ሁሉ በንጹሕ ውሃ ስናብስ ኖረናል። በራሴ እጅ ነው የወለወልኩት፤ ጥግ ጥጉን ሳይቀር፣ ተግቼ። የሌለኝን በሽታ ስፈራ፣ ሊይዘኝ የሚችለው በሽታ በየጠረጴዛው ላይ ደርቆ ተቀምጦልኝ ነበር።

ሲስተር ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ፤ እንደዚያ ያሉ ሴትዮ፣ በነጭ ጋውናቸው። ትንሽ ቆይተው ተነሡ። የተቆጣ ሰው አልነበረም፤ ለቁጣ የሚሆን ጉልበት የቀረልን አይመስለኝም። በራሳቸው እጅ በጠበጡ፤ ሐኪሙም፣ ነርሶቹም፣ እኛም ጨርቅ ይዘን ያን ፎቅ ከበሩ ጀምሮ አንድ በአንድ አበስነው። ጓደኛዬም አበሰች። ከሁላችንም ናሙና ተወሰደ። አሁን የመፍራት ተራው የእውነት ነበር።

እናቴን ሲስተር ራሳቸው ሄደው መረመሩልኝ። አምቡላንስ ቢሄድ ሰፈሩ እንደሚሸበር ገብቷቸው፣ ናሙና መውሰጃውን በእጅ ቦርሳቸው ይዘው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው እንደ እንግዳ ነው የገቡት። ማታ ደወሉልኝ።

«አፍንጫቸው ከኔም ከአንቺም ይበልጣል» አሉኝ። «ገና ከመግባቴ ሽንኩርት ከትፈሽ ነው የመጣሽው፣ እጅሽን በሎሚ እሺው አሉኝ።»

አትላስ እንግዳ ማረፊያው ውስጥ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ውጤት ጠበቅኩ። እስከዚያ ድረስ ስለራሴ ስንቱን ምልክት እንዳገኘሁ ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ። ውጤቱ ሲመጣ እኔ ነፃ ነኝ፤ እናቴ ነፃ ናት፤ ጓደኛዬም ነፃ ናት። የተያዘው ያ ቀልደኛ ልጅ ብቻ ነው። ከየት ያዘው? ከክፍላችን ይሁን፣ ከታክሲ ይሁን፣ ከዳቦ ቤት ሰልፍ ይሁን የሚያውቅ የለም፤ ግን ሁላችንም አንድ ነገር አሰብን፤ ማንም አልተናገረውም። በሠራበት ክፍል፣ ራሱ ሲያነጥፈው በኖረው አልጋ ላይ ተኛ። ኦክሲጅን ላይ በቆየባቸው ቀናት አልጋውን የምታብሰው የኔ ጓደኛ ነበረች፤ ለሌላ አትሰጥም። በረኪናውን እንደ ሕጉ በጥብጣ፣ ብረቱን እየፈተገች ትስላለች፤ እስኪያጎብጣት ትስላለች። ዞር ብሎ ያያት አልነበረም። ልጁ ተሽሎት ማስኩን ሲያወልቁለት መጀመሪያ የተናገረው ለእሷ ነው፤ «እስቲ ትንሽ ቀንሺው፣ ገደልሽኝ» አላት። ጨርቁን ጥላ ወጣች። ኮሪደር ላይ አግኝቻት አቀፍኳት፤ ስታለቅስ እንጂ ስትስቅ አልነበረም።

ነፃ ነሽ በተባልኩ ቀን ማታ ሰሚት ሄድኩ። ደረጃው ላይ አልተቀመጥኩም፤ በሩን ገፍቼ ገባሁ።

«መጣሽ፣ በረኪናዬ?» አለችኝ።

ጉልበቷ ላይ ራሴን አስደግፌ ጥቂት ቆየሁ። የመርፌዋ ሰዓት ደርሶ ነበር። ኢንሱሊኑን ከፍሪጅ አወጣሁ፣ ሞላሁ፤ ልወጋት ቀሚሷን ገለጥ ሳደርግ ሆዷ ከዳር እስከ ዳር በልዟል። ጠቆር ያለ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ ወደ መሆን የሄደ። አንዱ ቦታ ቆዳው ተጭሯል። እጇ የረጋ፣ ዓይኗ የሚያይ ሴት እንዲህ አትወጋም።

ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ ብዬ ጠየቅኳት።

መጀመሪያ ልትሸፋፍነው ሞከረች። ኋላ ነገረችኝ። ጎረቤታችን የመጀመሪያውን ቀን ገብታ ወግታታለች። ከዚያ ባሏ የሆስፒታል ሠራተኛ ቤት እንዳትገባ፣ ትንንሽ ልጆች እንዳሏት እንድታስብ ለምኗት፣ ሴትዮዋ ሁለት ልብ ሆነች። ልትተዋትም አልቻለችም፤ ልትገባም አልቻለችም። እንግዲህ ጠዋትና ማታ ደጃፉ ላይ ቆማ መርፌውን በልኩ ትሞላለች፤ በሳህን ላይ አድርጋ፣ ንጹሕ ሶፍት አልብሳ ከበሩ ሥር ታስቀምጠዋለች። ከዚያ ከደረጃው ላይ ሆና «አስቀምጬልዎታለሁ» ትላታለች። እናቴ እየዳበሰች ታነሳለች። ሆዷን እየዳበሰች ትወጋለች። ሳታይ፣ ብቻዋን። መርፌ ገና ከሩቅ ሲጠራ ፊቷን የምታዞር ሴት።

«እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ በየቀኑ ተወጋሽ ወይ ስልሽ ተወጋሁ አላልሽኝም?»

«ተወግቼ የለ?» አለችኝ። «ማን እንደወጋኝ መች ጠየቅሽኝ።»

መርፌውን እንደያዝኩ ነበርኩ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ስንቱን ሰው ስገልጥ፣ ሳነሳ፣ ስሸፍን ያልከዳኝ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ባስቆመው አልቆም አለ። የመርፌዋ ጫፍ አየር ላይ ትዋልላለች።

እናቴ መርፌው አይታያትም፤ የኔ ትንፋሽ ግን ይሰማታል። እጇን ዘረጋች።

«ስጪኝ» አለችኝ። «ለመሙላቱ ነው ዓይን የሚያስፈልገው።»

ሰጠኋት።